የፕሪንተሩን ዋይፋይ ያጠፋን መስሎን ነበር

ለተከበሩ የጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፣

ጉዳዩ፦ የማንጠቀምበትን የፕሪንተር ዋይፋይ ስለ ማጥፋት

በጋዜጣችሁ ስለ ኮምፒውተርና ስለ ስልክ ደኅንነት የሚወጡ ጽሑፎችን ተከታትዬ አነባለሁ። ስለ ቴሌግራም አካውንት መጠለፍ፣ ስልክ ደውለው የምስጢር ቁጥር ስለሚጠይቁ አጭበርባሪዎች፣ ስለ ባንክ መተግበሪያ አጠቃቀም በየጊዜው ይጻፋል፤ ተገቢም ነው። በየቢሮው ጥግ ከፋይል ቁም ሳጥኑ አጠገብ ተቀምጦ ደመወዛችንን፣ ውላችንን፣ የመታወቂያችንን ኮፒ ቀን ከቀን ስለሚያስተናግደው ፕሪንተር ግን አንድም ቃል ሲነሳ አላየሁም። እኔ የሒሳብ ሠራተኛ እንጂ የኮምፒውተር ባለሙያ አይደለሁም። የምጽፈው በመሥሪያ ቤታችን ከደረሰው ነገር ተነስቼ፣ ከዚያ በኋላም ነገሩን ለመረዳት መመሪያ ሳገላብጥና ባለሙያ ስጠይቅ ያገኘሁትን ነው።

ቢሮአችን ሜክሲኮ አካባቢ ካሉት ፎቆች በአንዱ ላይ ይገኛል። ወለሉ በአሉሚኒየምና በመስታወት ተከፋፍሎ ለስድስት ድርጅቶች ተከራይቷል፤ ጎረቤት ሲያስነጥስ “ይማርዎት” ማለት የሚቻልበት ዓይነት ክፍልፋይ ነው። ባለፈው ዓመት አንድ የወር መጨረሻ ዓርብ ከሰዓት፣ ኮምፒውተሬ ተበላሽቶ ዊንዶውሱ እንደ አዲስ ተጭኖ በተመለሰልኝ ማግስት፣ የሠራተኞቹን የደመወዝ መክፈያ ሊስት ለማተም ትእዛዝ ሰጠሁ። ወረቀት አልወጣም። ደገምኩ፤ አሁንም የለም። ወረቀት መኖሩን አየሁ፣ ክዳኑን ከፈትኩ፣ ሁላችንም የምናውቃትን መድኃኒት ሞክሬ ቶነሩን አውጥቼ ነቅነቅ አድርጌ መለስኩና ሦስተኛ ጊዜ አዘዝኩ። ኮምፒውተሩ በበኩሉ ሥራው ያለ ችግር እንደ ተጠናቀቀ ይነግረኛል። ሩብ ሰዓት ያህል ካለፈ በኋላ ከኮሪደሩ ማዶ ባለው ድርጅት የሚሠሩ አንዲት ጎልማሳ ሴት የካኪ ፖስታ ይዘው ገቡ። “ከእኛ ፕሪንተር ላይ ነው የወጣው፤ ሦስት ኮፒ ነው፤ አላነበብነውም” አሉኝ። ካላነበቡት የእኛ መሆኑን በምን እንዳወቁ አልጠየቅኳቸውም። በዚያ ሊስት ላይ የእያንዳንዱ ሠራተኛ የተጣራ ደመወዝ፣ የብድር ተቀናሽ፣ በፍርድ ቤት ትእዛዝ ለልጅ ቀለብ የሚቆረጥበት ባልደረባችን ሳይቀር በስም ሰፍሮ ነበር።

የሆነው ነገር ሲጣራ እንዲህ ነው። ጎረቤቶቻችንና እኛ የገዛነው ፕሪንተር አንድ ሞዴል ነው። ዊንዶውሱን የጫነልኝ ልጅ ፕሪንተር ለመጨመር ሲሞክር ኮምፒውተሩ በአካባቢው ያገኛቸውን ስሞች ዘረዘረለት፤ እርሱም “ዳይሬክት” በሚል ቃል የሚጀምረውንና የእኛን ሞዴል ስም የያዘውን መረጠ። የይለፍ ቃል ሲጠየቅ በዚህ ዓይነት ብዙ ፕሪንተሮች ላይ ከፋብሪካ ጀምሮ የሚገኘውን 12345678 ጻፈ፤ ተቀበለው። ከተቀበለው የእኛ ነው ብሎ ሄደ። የእኛም የጎረቤቶቻችንም በር በአንድ ቁልፍ ይከፈት ስለ ነበር፣ የማንን በር እንደ ከፈተ የሚያውቅበት መንገድ አልነበረውም። በልጁ ልፈርድ አልችልም።

አንባቢ ልብ እንዲልልኝ የምፈልገው ዋና ነገር እዚህ ላይ ነው። ዋይፋይ ያለው የዛሬ ፕሪንተር አብዛኛውን ጊዜ በአየር ላይ ሁለት በር አለው። አንደኛው ከቢሮው ወይም ከቤቱ ራውተር ጋር የሚገናኝበት የተለመደው ዋይፋይ ነው። ሁለተኛው ዋይፋይ ዳይሬክት የሚባለው ሲሆን፣ ራውተር ሳያስፈልግ ፕሪንተሩ ራሱ እንደ ትንሽ ራውተር ስሙን እየጠራ ስልክና ኮምፒውተር በቀጥታ የሚቀበልበት ነው። የዋይፋይ አምራቾች ማኅበር ለዚህ አሠራር ማረጋገጫ መስጠት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2010 ነው፤ ዛሬ ርካሽ በሚባሉት ፕሪንተሮች ላይም ይገኛል፤ ብዙዎቹም ከካርቶናቸው ሲወጡ ይህ በር ክፍት ሆኖ ነው። ሰው “ዋይፋዩን አጠፋሁ” ሲል የመጀመሪያውን ማለቱ ነው። ሁለተኛው መኖሩን የሚያውቅ ጥቂት ነው።

እኛም አላወቅንም ነበር። ከዚያ ዓርብ በኋላ ሥራ አስኪያጃችን በነገሩ ተቆጥተው ፕሪንተሩ በኔትዎርክ ገመድ ከራውተሩ ጋር እንዲያያዝ አዘዙ። የመጣው ባለሙያ ገመዱን ሰካና “ኬብል ከተሰካ ዋይፋዩ ራሱ ይጠፋል” አለን። አልዋሸም፤ በብዙ ሞዴሎች ላይ ገመድ ሲሰካ የመጀመሪያው በር በራሱ ይዘጋል። እኔ ግን በማግስቱ ደረጃው ላይ ቆሜ ስልኬ የሚያሳየውን የዋይፋይ ዝርዝር ስመለከት ያ “ዳይሬክት” የሚለው ስም ከነ ሞዴሉ አሁንም እዚያው ነበር። የማረፊያውን ደረጃ አልፌ አንድ ፎቅ ወረድኩ፤ አሁንም አለ። 12345678 ብዬ ገባሁ። በስልኬ መፈለጊያ ላይ የፕሪንተሩን አድራሻ ስጽፍ የማስተካከያ ገጹ ተከፈተ፤ ከምርጫዎቹ መካከል ስካን የሚል ነበረበት፤ ተጫንኩት። በፕሪንተሩ መስታወት ላይ ጠዋት የተረሳ የአንድ ሠራተኛ መታወቂያ፣ ከነ ፎቶግራፉና ከነ ቁጥሩ፣ በእጄ ላይ መጣ። በሩ ተቆልፏል፣ ቢሮው ውስጥ ሰው የለም፣ እኔ ያለሁት አንድ ፎቅ ዝቅ ብዬ ነው። ይህን የሞከርኩት በራሳችን ዕቃ ላይ ነው፤ በሌላ ሰው ፕሪንተር ላይ መሞከር በኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 የሚያስጠይቅ ስለ ሆነ አንባቢ ጎረቤቱን እንዳይፈትሽ አደራ እላለሁ።

አንዳንድ ሰው “ማን የእኛን ወረቀት ይፈልጋል” ይላል፤ ሥራ አስኪያጃችንም መጀመሪያ ያሉት ይህንኑ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2015 በሲንጋፖር የቴክኖሎጂና ዲዛይን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች አንድ ስልክ በድሮን ላይ ጭነው ከረጃጅም ሕንፃዎች ውጭ በማብረር ያልተዘጉ የፕሪንተር ዋይፋዮችን መለየት እንደሚቻል አሳይተዋል። ስልኩ የፕሪንተሩን ስም አስመስሎ በመጥራት ወደ ፕሪንተሩ ሊሄድ የነበረውን ሰነድ በመንገድ ላይ ይቀበለው ነበር። ሠላሳኛ ፎቅ ላይ ነኝ ማለት እንኳ መተማመኛ እንደማይሆን ለማስረዳት ነበር ይህን ያደረጉት። እኛ ዘንድ ድሮን አያስፈልግም፤ ምድር ቤት ያለው ካፌ ይበቃል።

የይለፍ ቃሉን መቀየር ብቻውን አይበቃም ወይ የሚል ጥያቄ ይነሳ ይሆናል። መቀየሩ ግዴታ ነው፤ ነገር ግን ተለይቶ የተሰጠ የሚመስል የይለፍ ቃል እንኳ ሊያሳስት እንደሚችል እ.ኤ.አ. በ2025 ራፒድ7 የተባለው የደኅንነት ድርጅት ያወጣው ግኝት ያሳያል። ብራዘር በተባለው ፕሪንተር አምራች 689 ሞዴሎች ላይ ከፋብሪካ የሚሰጠው የአስተዳዳሪ የይለፍ ቃል ከዕቃው ሲሪያል ቁጥር በቀመር የሚወጣ ሆኖ ተገኝቷል። ሲሪያል ቁጥሩን ያወቀ ሰው የይለፍ ቃሉን ያሰላዋል ማለት ነው። አስቀድመው የተመረቱት ላይ ይህ በሶፍትዌር እድሳት ሙሉ በሙሉ ሊታረም ስለማይችል መፍትሔው ባለቤቱ ራሱ የይለፍ ቃሉን መለወጡ ነው። የማንጠቀምበትን በር ከፍተን ቁልፉን ከማሳመር በሩን መዝጋት ይቀላል የምለውም ለዚህ ነው።

ስለ አዘጋጉ ጥቂት ልበል፤ ብዙ ሰው የሚቸገረው እዚህ ላይ ነው። ስክሪን በሌላቸው ትንንሽ የኤችፒ ሞዴሎች ላይ አብዛኛውን ጊዜ የአንቴና ምልክት ያለበት ቁልፍ አለ፤ ሰማያዊው መብራት ረግቶ ከበራ ፕሪንተሩ ተገናኝቷል፣ ብልጭ ድርግም ካለ የሚገናኘውን እየፈለገ ነው፣ ቁልፉ ተጭኖ ከጠፋ የመጀመሪያው በር ተዘግቷል። ስክሪን ባላቸው የብራዘር ሞዴሎች ላይ ኔትዎርክ ከሚለው ሥር ገብቶ የዋይፋዩን ማብሪያ “ኦፍ” ማድረግ፣ ከዚያም ወደ ኋላ ተመልሶ ዋይፋይ ዳይሬክት በሚለው ክፍል ውስጥ ይህንኑ ለብቻ መድገም ያስፈልጋል። ስክሪንም ቁልፍም ለማያሳዩት ፕሪንተሩ የኔትዎርክ ሁኔታውን የሚያሳይ ገጽ እንዲያትም ማዘዝና በገጹ ላይ ያለውን፣ ብዙ ጊዜ በ192.168 የሚጀምረውን አድራሻ በኮምፒውተሩ መፈለጊያ ላይ ጽፎ መግባት ነው። እዚህ ላይ አንድ እኔ የሠራሁት ስሕተት አለ። በዋይፋይ ገብቶ ዋይፋዩን የሚያጠፋ ሰው የተቀመጠበትን ቅርንጫፍ እንደሚቆርጥ ነው፤ ገጹ ከእጁ ላይ ይጠፋበታል፣ ማተምም ያቆማል። ገመዱ መሰካት ያለበት አስቀድሞ ነው።

ገመዱ ከተሰካ በኋላም ኮምፒውተሩ አሮጌውን መንገድ አይረሳም። በዊንዶውስ ላይ ያው ፕሪንተር ከስሙ ጎን “ኮፒ 1” የሚል ተጨምሮበት ሁለተኛ ሆኖ ይመዘገባል፤ አሮጌው በዋይፋይ የሚፈልገው ደግሞ “ኦፍላይን” እያለ እዚያው ይቆያል። ሠራተኛው በልማድ የሚጫነው አሮጌውን ስለ ሆነ “ገመዱ አልሠራም” ብሎ ዋይፋዩ እንዲመለስ ይጠይቃል፤ ጉዳዩን የማያውቅ ባለሙያም ይመልስለታል። እኛ ቢሮ ይህ ሁለት ጊዜ ሆኗል። አሮጌውን መሰረዝና አዲሱን ዋና ማድረግ ብቻ ነበር የሚያስፈልገው።

በነገራችን ላይ ገመድ የሚያመጣው ሌላ እፎይታ አለ፤ ከደኅንነት ጋር ባይያያዝም ሳልጠቅሰው ባልፍ ቅር ይለኛል። መብራት ሄዶ በተመለሰ ቁጥር ፕሪንተሩ ከራውተሩ ቀድሞ ይነሳና የሚገናኘው ያጣል፤ ራውተሩም ሲነሳ አንዳንዴ ሌላ አድራሻ ይሰጠዋል፤ ከዚያ የግማሽ ቀን “ፕሪንተሩ አልታይ አለኝ” ይጀመራል። በዩኤስቢ ገመድ በቀጥታ ለተያያዘ ፕሪንተር ይህ ሁሉ የለም። የዩኤስቢ ገመድ ከአምስት ሜትር በላይ ማስኬድ አይመከርም፤ ከዚያ ለሚርቀው የኔትዎርክ ገመድ እስከ መቶ ሜትር ያደርሳል።

ዋይፋዩን ማጥፋት ለሁሉም ይሆናል እያልኩ እንዳልሆነ ግን ይታወቅልኝ። ኮምፒውተር በሌለበት ቤት ልጆች የትምህርት ቤት ሥራቸውን ከስልክ የሚያትሙ ከሆነ የመጀመሪያውን በር መዝጋት ዕቃውን የቁም ሳጥን ጌጥ ማድረግ ነው፤ እዚያ የሚዘጋው ሁለተኛው ብቻ ነው። ከአሜሪካ በዘመድ ሻንጣ የመጣ የኤችፒ ፕሪንተር ከሞዴል ስሙ ጫፍ “ኢ” ፊደል ካለበትና ኤችፒ ፕላስ በሚባለው አሠራር ከተመዘገበ ደግሞ ከኢንተርኔት ሲቆራረጥ ማተም ሊያቆም ይችላል። በሌላ በኩል አለቆች “ከስልኬ ማተም አለብኝ” ብለው ዋይፋዩን የሚያስከፍቱበት ምክንያት ብዙ ጊዜ መሠረት የለውም። ፕሪንተሩ በገመድ ከራውተሩ ጋር ከተያያዘ፣ ስልኩም በዚያው ራውተር ዋይፋይ ላይ ካለ፣ የፕሪንተሩ ሁለቱም በሮች ተዘግተው ስልኩ ያትማል። ይህን ለሥራ አስኪያጃችን በተግባር ያሳየኋቸው ቀን ክርክራችን አበቃ።

ገመድ ማለትም የሁሉ ነገር መድኃኒት አይደለም። እ.ኤ.አ. በኅዳር 2018 አንድ ግለሰብ በመላው ዓለም ወደ 50,000 ፕሪንተሮች ላይ ፒውዲፓይ የተባለውን የዩቲዩብ ሰው ተከታተሉ የሚል ወረቀት እንዲወጣ ሲያደርግ የገባው በየቢሮው ግድግዳ ሾልኮ በወጣ ዋይፋይ አልነበረም፤ በኢንተርኔት ላይ ክፍት ሆኖ በተተወ 9100 በተባለ የፕሪንተር መግቢያ ነው። ራውተሩ ለውጭ የከፈተውን የፕሪንተሩ ማብሪያ አይዘጋውም።

የጥገና ሰዎችም ፕሪንተርን ከኢንተርኔት ስለ ማራቅ የራሳቸው ምክር አላቸው። ኤችፒን የመሳሰሉ አምራቾች በሚልኩት የሶፍትዌር እድሳት የሌላ አምራች ቺፕ ያለበትን ካርትሬጅ ፕሪንተሩ እንዳይቀበል ስለሚያደርጉ “ዋይፋዩን አጥፋው፣ እድሳት እንዳይገባበት” ይላሉ። የአንድ ኦሪጅናል ቶነር ዋጋ ስንት እንደ ደረሰ ለሚያውቅ ሰው ይህ ምክር ቀላል አይደለም፤ እኔም አልፈርድበትም። ሆኖም ያው እድሳት የደኅንነት ቀዳዳዎችንም የሚደፍን ስለ ሆነ፣ እድሳቱን ያቆመ ሰው ሁለቱን የአየር በሮች ክፍት ትቶ መቀመጡ ግን የሚያስኬድ አይመስለኝም።

ሌላው የሚረሳው ፕሪንተሩ ሲሸጥ ወይም ለጥገና ሲወጣ ነው። ፕሪንተሩ የቢሮውን ዋይፋይ ስምና የይለፍ ቃል ያስታውሳል። ካነን እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2023 ባወጣው ማስጠንቀቂያ ወደ 200 በሚጠጉ የቀለም ፕሪንተር ሞዴሎቹ ላይ የተለመደው የማጽጃ ትእዛዝ የዋይፋይ መረጃውን ላያጠፋው እንደሚችል አስታውቋል። ያዘዘውም መፍትሔ ለሰሚ ግራ የሚያጋባ ነው፤ ሁሉንም ማስተካከያ አንድ ጊዜ ማጽዳት፣ ከዚያ ዋይፋዩን እንደገና ማብራት፣ ከዚያ ሁሉንም ለሁለተኛ ጊዜ ማጽዳት። ማለትም በእነዚህ ሞዴሎች ላይ የተቀመጠውን መረጃ ለማጥፋት ዋይፋዩን ማብራት ግድ ይላል። ያገለገሉ የቢሮ ዕቃዎች በጨረታ ሲሸጡ ኮምፒውተሮቹ ሐርድ ዲስካቸው ይወጣል፤ ፕሪንተሩ ግን አቧራው ተጠርጎ ብቻ ይሄዳል።

ስለዚህ የምጠይቀው ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ የመንግሥትም ሆነ የግል መሥሪያ ቤቶች በዕቃ ግዥ ሰነዳቸው ላይ “ዋይፋይ ያለው” የሚለውን መስፈርት ከአምናው ሰነድ እየገለበጡ ከማስገባታቸው በፊት ማን ሊጠቀምበት እንደ ሆነ ቢጠይቁ፣ የሚያስፈልጋቸው ከሌለም ተከላውን የሚያከናውነው አቅራቢ ሁለቱንም በሮች ዘግቶ የኔትዎርክ ሁኔታውን የሚያሳየውን ገጽ አትሞ ከርክክብ ሰነዱ ጋር እንዲያያይዝ ቢያስገድዱ። አንድ ወረቀት ነው፤ ወጪ የለውም። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የሰዎችን መረጃ የሚይዝ አካል ተገቢውን የጥበቃ እርምጃ እንዲወስድ ግዴታ ከጣለበት በኋላ፣ የደመወዝ ሊስት በጎረቤት ፕሪንተር የወጣበት መሥሪያ ቤት “የባለሙያው ስሕተት ነው” ብሎ የሚያልፍ አይመስለኝም። ሁለተኛ፣ አስመጪዎችና ሻጮች ከካርቶኑ ውስጥ በሃያ ቋንቋ ተጽፎ አማርኛ ከሌለበት መመሪያ ጎን ሁለቱ በሮች የት እንደሚገኙና እንዴት እንደሚዘጉ የሚገልጽ አንድ ገጽ በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በሌሎች ቋንቋዎቻችን ጨምረው ቢሰጡ። ለገዢው የሚናገሩት ስለ ገጽ ፍጥነቱና ስለ ቀለሙ ብቻ ነው።

ይህን ደብዳቤ በምጨርስበት ቀን ማታ ደረጃው ላይ ቆሜ የስልኬን ዝርዝር እንደገና ተመለከትኩ። “ዳይሬክት” ብለው የሚጀምሩ ዘጠኝ ስሞች ቆጠርኩ። የእኛ የለበትም። የካኪ ፖስታውን ያመጡልን ሴት ቢሮም የለበትም፤ እርሳቸው ዘንድ ሄጄ የዘጋሁት እኔው ነኝ፣ ዋጋውም አንድ ሲኒ ቡና ነበር።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር
አንድ የሒሳብ ሠራተኛ፣ ከአዲስ አበባ